«ዓባይ ማደሪያ የለው»፦ ደለል፣ ዝቃጭና ግንዱ

ጠያቂ፦ ሰላም ወዳጆች። ደለልና ዝቃጭ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ደግሞ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ግንዱ ከየት መጣ?

ቃል ወዳድ፦ አንድ አይደሉም። ዝቃጭ «ዘቀጠ» ከሚለው ግስ ነው። ከማንኛውም ፈሳሽ ሥር የተቀመጠ ነገር ዝቃጭ ነው፣ የውሃ ታንከርም ይሁን የዘይት በርሜል። ለሰው ስድብም ሆኗል። ደለል ግን የወንዝና የጎርፍ ነው። «ግድቡ በደለል ተሞላ» እንላለን፤ «በዝቃጭ ተሞላ» የሚል ሰምቼ አላውቅም።

የወንዝ ዳር፦ ልክ ነህ፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። ደለል እየተጓዘም ደለል ነው፤ «ወንዙ ደለል ተሸክሞ ወረደ» ይባላል። ዝቃጭ ለመባል ግን መቀመጥ አለበት።

ተራራ ላይ ወንዝ ጭነት አይመርጥም፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰጠዋል። ቋጥኙን ያንከባልላል። ጠጠሩ ከወለሉ እየተነሳ እየወደቀ ይሄዳል። ደቃቁ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይጓዛል፤ ወንዙን የሚያደፈርሰውም እሱ ነው። ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና ከባዱን አስቀድሞ ይጥላል። ቋጥኙ እዚያው ተራራው ሥር ይቀራል፤ ከዚያ ጠጠሩ፣ ቀጥሎ አሸዋው። ደለሉ ሩቅ ይሄዳል፤ ከሁሉም የደቀቀው የሸክላ አፈር፣ የሚያግደው ካላገኘ፣ ባሕር ይገባል። ደግሞ ይህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሆንም። አብዛኛው ጭነት የሚወርደው በጥቂት የሙላት ቀናት ነው። በበጋ ኩልል ብሎ የሚታየው ወንዝ ክረምት ላይ ሌላ ወንዝ ነው።

ወደ ግንዱ ልምጣ። አባባሉ ማረፊያ አጥቶ ለሚንከራተት ሰው የሚነገር ነው። ግንዱ ግን እውነተኛ ነው። ሙላት ዳርቻውን ሲሸረሽር ወይም ገደል ሲናድ ዛፉ ከነሥሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ተረቱ ዓባይን እንጂ ግንዱን በደንብ አላየውም። ማደሪያስ አለው! መታጠፊያ ላይ ይያዛል። ሌላ ግንድ ይደገፍበታል፤ ቅርንጫፍና ቅጠል ይከመርበታል፤ ከጀርባው አሸዋና ደለል ይተኛል። ሌላ ትልቅ ሙላት መጥቶ እስኪያነሳው ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ቅጠሉም ዝም ብሎ አይሄድም። ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ይቆራርጡታል፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ያበሰብሱታል። የላመ የደቀቀው ወርዶ ታች ላሉት ነፍሳት ምግብ ይሆናል። ከፊሉ ከሸክላ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ባሕር ይደርሳል። እዚያ ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ፣ ካርቦኑ ለረጅም ዘመን ወደ አየር አይመለስም።

ተመልካች፦ ዓባይ እኮ ይዞ የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም። ወደ ዋናው ናይል የሚገባው ደለል በአብዛኛው የዓባይና የተከዜ ነው። ነጭ ዓባይ የያዘውን መንገዱ ላይ ባሉት ሐይቆችና ደቡብ ሱዳን ውስጥ ባለው የሱድ ረግረግ ላይ ያራግፋል። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ መያዣው በደለል እየጠበበ መጣ፤ በ2013 ቁመቱ ላይ 10 ሜትር ተጨመረለት። ግብፅ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለሚቀር፣ ዴልታው፣ ማለትም ናይል ባሕር የሚገባበት በደለል የተሠራው ሜዳ፣ ዳርቻ ዳርቻውን በባሕር እየተበላ ነው።

ጠያቂ፦ ግሩም ነው! ለግንዱም ለቅጠሉም የጋራ ስም ብፈልግ «ብስባሽ» ልበል?

ቃል ወዳድ፦ አይሆንም። ብስባሽ የበሰበሰውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ትናንት ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ብስባሽ አይባልም። «ኦርጋኒክ ቁስ» በል። ደረቅ ቃል ነው፣ ግን ሁሉንም ይይዛል። ለተራ አንባቢ ከሆነ «ግንድና ቅጠላ ቅጠል» ብለህ እለፈው።