ወላጆች ከትምህርት ቤቱ በር አልፈው እንዲገቡ ምን እናድርግ?

በኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጸሐፊ ነኝ። ከተማሪዎቻችን ቤተሰቦች አብዛኞቹ ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች ሲሆኑ ካቶሊኮቹ ጥቂት ናቸው፤ ብዙ እናቶችም በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ይሠራሉ።

በመጀመሪያ የስብሰባ ጥሪ በልጆቹ እጅ ላክን፤ ተፈርሞ ከተመለሰው አንዱን ሳየው የአባትየው ፊርማ በራሱ በልጁ እጅ የተጻፈ ነበር። ቀጥሎ የቴሌግራም ቡድን ከፈትን፤ እሱም የክፍያ ማሳሰቢያ መለጠፊያ ሆኖ ቀረ። ስብሰባውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስናደርገው ደግሞ የመጡት ምእመናኑ ብቻ ነበሩ። ይህ የእኛ ስሕተት ነው፤ ሌላው ወላጅ ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያን እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ባለፈው ሳምንት በር ላይ ያገኘኋቸው እናት ነገር ነው። ልጃቸውን ዘወትር ጠዋት እስከ በሩ ያደርሳሉ፤ «ይግቡና ደብተሩን አብረን እንየው» ስላቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ምን ብዬ ልናገር?» ብለው ተመለሱ። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆችን የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ይላቸዋል፤ እኛ ግን እስካሁን የጠራናቸው ለክፍያ ወይም ልጁ ሲያጠፋ ነው።

በእምነት የተለያዩ፣ በፈረቃ የሚሠሩና ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆችን በልጆቻቸው ትምህርት ለማሳተፍ የቻላችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ከስብሰባ ሌላ በምን ጀመራችሁ?