የእግር ቁስል እያለ ሰርቪስ ዶግ ቤት ማስገባት፦ ምን ላዘጋጅ?

አዱ_ገነት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ሰላም ቤቶች። ስኳር አለብኝ። በግራ እግሬ መርገጫ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ቶሎ የማይድን ቁስል አለ፤ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል፣ ዎከር ቡት (ለሕክምና የሚደረግ ረጅም ጫማ) አድርጌ ነው የምንቀሳቀሰው። ሁለቱም እግሮቼ ደንዝዘዋል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ያቃጥላሉ፤ ለዚህ ጋባፔንቲን እውጣለሁ፣ ሊዶካይን ፓችም (የሚያደነዝዝ ልጣፍ) እለጥፋለሁ። አሁን የወደቀ ዕቃ የሚያነሳ፣ በር የሚከፍትና ከወንበር ስነሳ ሚዛን የሚጠብቅልኝ የሠለጠነ ሰርቪስ ዶግ፣ ላብራዶር፣ ሊሰጠኝ ነው።

ሐኪሙ «እግርህን አትርገጥበት» ይላል፣ ውሻ ደግሞ መራመድ ይፈልጋል። ሁለቱን እንዴት ላስታርቅ? ቁስሉን ቢልሰውስ? እናቴ የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው ባይ ናት። ክሊኒክ፣ አፓርታማና ቤተ ክርስቲያንስ እንዴት ነው? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

ፋሻና_መቀስ (የቁስል ነርስ)

እናትህን አክብር፣ ምላሱን ግን ከቁስሉ አርቅ። ሉቃስ ምዕራፍ 16 ላይ ውሾች የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ እንደነበር ስንሰማ ስላደግን ነው መሰለኝ ነገሩ የሕክምና ምክር የሚመስለን። እዚያ የተነገረው የሰውዬው መከራ ነው እንጂ ስለ መዳኑ አይደለም።

ጤነኛ ውሻ አፍ ውስጥ ፓስቱሬላና ካፕኖሳይቶፋጋ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ፓስቱሬላ ቁስል ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያቀላል፣ ያሳብጣል። ካፕኖሳይቶፋጋ አብዛኛው ሰው ላይ ምንም አያደርግም፤ ጣፊያው የወጣለት፣ መጠጥ የሚያበዛ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ ግን ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ያንተ ተጨማሪ ችግር እግርህ መደንዘዙ ነው። ሌላው ሰው በህመም የሚነቃበትን ነገር አንተ በዓይንህ ካላየኸው አታውቀውም።

ከላሰው በቧንቧ ውሃና በሳሙና ወይም በኖርማል ሳላይን (ለቁስል የሚሆን የጨው ውሃ) ወዲያው እጠበው፣ አዲስ ፋሻ አድርግ፣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ደውል። ስትደውል «የውሻ ምራቅ ነክቶታል» ማለትን አትርሳ፤ ለቆዳ ኢንፌክሽን እንደ ዘበት የሚታዘዘው ሴፋሌክሲን ለፓስቱሬላ አስተማማኝ አይደለም፣ ሐኪሙ ካላወቀ ደግሞ እሱን ሊጽፍልህ ይችላል። የቀላውን ዳር በእስክሪብቶ አስምር። መስመሩን ካለፈ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ከሸተተ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ቁስሉ ሲታጠብ ውሻው ሌላ ክፍል ይግባ፣ በሩም ይዘጋ። «ተኛ» ብሎ አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ተነስቶ አንዴ ሰውነቱን ካራገፈ ፀጉሩ ክፍሉን ይሞላዋል። ጠረጴዛውን ጥረግ፣ ንጹሕ ነገር አንጥፍበት። ጎዙን፣ ሳላይኑን፣ ፎሙን (ስፖንጅ የመሰለውን የቁስል መሸፈኛ)፣ ፕላስተሩንና መቀሱን አስቀድመህ ደርድር፤ መሀል ላይ ተነስተህ መሳቢያ ከከፈትክ እጅህ ቆሸሸ ማለት ነው። እጅህን 20 ሰከንድ ታጠብ፣ ጓንት አድርግ፣ አሮጌውን አንሳ። አሁን ጓንቱን ጣል፣ እንደገና ታጠብ፣ አዲስ ጓንት አድርግ። ብዙ ሰው ይህቺን መሀል ያለች መታጠብ ይዘላትና ከአሮጌው ፋሻ ያነሳውን መልሶ አዲሱ ላይ ያደርገዋል።

የወጣውን ጎዝ በላስቲክ ቋጥረህ ክዳኑ የሚቆለፍ መጣያ ውስጥ ክተት። በእግር የሚረገጠውን ዓይነት ላብራዶር በሳምንት ውስጥ መክፈት ይማራል። የደምና የመግል ሽታ ውሻ ይስባል፤ የዋጠው ጎዝ አንጀት ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ መውጫው ኦፕራሲዮን ነው።

ፓቹም እንደዚያው። ሊዶካይን ፓች 12 ሰዓት ቆይቶ ሲነሳ አብዛኛው መድኃኒት ገና እላዩ ላይ ነው። የሚጣበቀውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፈህ ቆልፍበት። ቁስሉ አጠገብም አትለጥፈው፣ የሚለጠፈው ደህና ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ጄል የምትቀባ ከሆነ በልብስ ሸፍነው፤ ውሻው ከላሰው ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ጋባፔንቲንህ እንክብል ከሆነ ጥሩ፤ ፈሳሹ ላይ ብዙ ጊዜ ውሻን የሚመርዘው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ አለበት። አንድ ነገር ከዋጠ የኤኤስፒሲኤ (የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት) የመርዝ መስመር 888-426-4435 ነው፣ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ።

መኝታ ቤት አይግባ ባይ ነኝ።

ገመድ_ያዥ (የውሻ አሠልጣኝ)

በመጨረሻው ላይ ከፋሻና_መቀስ ጋር አልስማማም። ሌሊት መድኃኒት ሳጥን የሚያቀብል፣ መብራት የሚያበራ ውሻ ሳሎን ተኝቶ ምን ሊሠራ? መኝታ ቤት ይደር፣ አልጋ ላይ ግን አይውጣ። ከአልጋው ራስጌ በኩል መሬት ላይ ምንጣፉን አንጥፍለት፤ ግርጌ ከሆነ እግርህ ጋ ነው የሚያድረው። አንሶላና ምንጣፉ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠቡ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፦ ሽንቱን መውጣት አለበት፣ ጭንቅላቱም መሥራት አለበት። ረጅሙን እርምጃ ግን አንተ ማስኬድ የለብህም። ለሽንት በቀን አራት ጊዜ ገደማ ይወጣል። ከበሩ ቅርብ የሆነ አንድ ቦታ ወስን፣ በትእዛዝ እዚያ እንዲጨርስ ይለምድ፤ ዙሪያውን እየዞረ እስኪያሸት መጠበቅ ነው እርምጃህን የሚበላው። ረጅሙን ዙር ከቤተሰብ አንዱ ወይም የሚከፈለው ሰው ይሂድ። ቀሪውን ተቀምጠህ ትሠራዋለህ፦ ቀለቡን በጎድጓዳ ሳህን አትስጠው፣ አሮጌ ፎጣ ላይ በትነህ ጠቅልለውና በአፍንጫው ይፈልግ። በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ እንዲህ ከሠራ ለጥ ብሎ ይተኛል። ኮሪደር ላይ ወንበር አድርገህ ኳስ መወርወርም ይቻላል፣ መልሶ እጅህ ላይ እስካስቀመጠ ድረስ። እግርህ ሥር የሚጥል ከሆነ ቁስሉ ላይ ይመጣብሃልና አቁመው።

በየትኛው ጎንህ ይሂድ የሚለውን ከመረከብህ በፊት ከአሠልጣኞቹ ጋር ጨርስ። ዱላ የምትይዝ ከሆነ ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው የሚያዘው፣ ያንተ በቀኝ ማለት ነው። ያኔ ውሻው ወደ ግራ፣ ቁስሉ ወዳለበት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከቡቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ መሄድ መማር አለበት። ዱላ ካልያዝክ ቀኝህ ላይ አድርገው፣ ነገሩ በአንዴ ይቀላል። ቡት የለበሰው እግር ከሌላው ከፍ ስለሚል ሚዛንህ እንደ ድሮው አይደለም። ገመዱን አንጓህ ላይ አትጠምጥም፣ ወገብ ላይ የሚታሰረውንም ተወው፤ ድመት አይቶ አንዴ ቢስብ አብረህ ነው የምትወድቀው። ወፍራም መያዣ ያለው አጭር ገመድ መዳፍህ ውስጥ ይበቃል፣ ጣት ለሚጠዘጥዘው ሰውም ይሻላል።

«ከወንበር ስነሳ ሚዛን» ያልከውን በደንብ አጣራ። የውሻ ጀርባ ከላይ ክብደት ሊጫንበት አልተሠራም፤ አከርካሪው ይጎዳል፣ አንተም ትወድቃለህ። ለመነሳት የወንበሩን እጀታ ተጫን፣ ከተነሳህ በኋላ ለሚዛን የውሻውን መያዣ በስሱ ያዝ። መያዣው ትከሻው ላይ የሚያርፍ እንጂ ወገቡ መሀል ያለ አይሁን። ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ዳሌውና ክርኑ በራጅ የታየ ውሻ መሆን አለበት፤ ወረቀቱን ጠይቅ።

ዕቃ የሚያነሳ ውሻ ያለበት ቤት ውስጥ የወደቀ ክኒን ትልቁ አደጋ ነው። የሠለጠነው የወደቀውን በአፉ እንዲያነሳ ነውና! ሳይታዘዝ እንዳያነሳ ይለማመድ፤ አንተም ክኒንህን ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ አድርገህ ውሰድ። ካልሲ ማውለቅ የሚባለውን ሥራ ደግሞ ከዝርዝሩ አስወጣው። ጥርሱ ፋሻውን ይዞ ቢጎትት የደነዘዘ እግር አይነግርህም። ለህመም እላይህ እንዲተኛ የሚሠለጥን ከሆነ ጭንህ ላይ ይሁን፣ ከጉልበት በታች አይደለም። ጥፍሩ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይቆረጥ።

አፓርታማ_304

ሕጉን በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ በኤዲኤ (የአካል ጉዳተኞች መብት) ሕግ የሱቅ ወይም የክሊኒክ ሠራተኛ የሚጠይቅህ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው ለአካል ጉዳትህ የሚያስፈልግ ሰርቪስ ዶግ ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ነው የሠለጠነው? መታወቂያ መጠየቅ አይችልም፣ ኢንተርኔት ላይ በገንዘብ የሚሸጠው የምዝገባ ካርድም በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ክሊኒክ ምርመራ ክፍል ይገባል፣ ኦፕራሲዮን ክፍልና የተቃጠለ ሰው የሚታከምበት ክፍል አይገባም። ሆስፒታል ከተኛህ ነርሶቹ ሊያበሉልህም ሊያወጡልህም አይገደዱም፣ ሰው አዘጋጅ። አከራይህ የእንስሳ ተቀማጭ አይወስድም፤ ውሻው ላበላሸው ግን ትከፍላለህ።

የእምነት ተቋማት ከኤዲኤ ውጪ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ውሻ አያስገባም፣ ሕጉም አያስገድድም። የሚይዝልህ ሰው ይዘህ ሂድ፣ መኪና ውስጥ ግን በበጋ አትተወው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚግለው።

አዲስ አበባ ይዘኸው ልትሄድ ካሰብክ መመለሻውን ሳትሄድ ጨርስ። ኢትዮጵያ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) የእብድ ውሻ በሽታ አስጊ ናቸው ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ እዚህ የተከተበ ውሻ ከእነዚህ አገሮች ሲመለስ የክትባት ማስረጃው ከአሜሪካ ከመነሳቱ በፊት በዩኤስዲኤ (በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት) የጸደቀ መሆን አለበት።

ፋሻና_መቀስ (የቁስል ነርስ)

ቤተ ክርስቲያን ከተነሳ አይቀር፦ ጫማ ማውለቁ ላይ ተጠንቀቅ። ቡቱን አውልቀህ ለሦስት ሰዓት ቅዳሴ ከቆምክ የሳምንቱ ዕረፍት በአንድ ጠዋት ይሄዳል። ለንስሐ አባትህ አስቀድመህ ንገራቸው፣ ቡቱ ላይ የሚጠለቅ ንጹሕ የጨርቅ ሽፋን ያዝ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ጠበልም ከሆነ ቁስሉ ውሃ በማያስገባ ነገር ይሸፈን።

አዱ_ገነት

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ቁስሉ ካልጠበበ ቫክ ማሽን (ፎም ቁስሉ ውስጥ ተደርጎ በቱቦ የሚመጥ) ሊያደርጉልኝ ነው። እሱስ ከውሻ ጋር ይሆናል?

ፋሻና_መቀስ (የቁስል ነርስ)

ይሆናል። የሚያስቸግረው ፀጉር ነው። ከሚጣበቀው ላስቲክ ሥር አንዲት ፀጉር ከገባች አየር ታስገባለች፣ ማሽኑም ይጮሃል። ሲለጠፍ ውሻው ውጭ ይሁን፣ ቆዳው ተጠርጎ ይድረቅ። ቱቦውን በሱሪህ ውስጥ አሳልፈው፣ ማሽኑን ትከሻ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ከውሻው በተቃራኒ ጎን ያዝ። ከተነቀለ ወይም ከጠፋ ሰዓትህን ተመልከት። ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሠራ ፎሙ ቁስል ውስጥ መቆየት የለበትም፤ ወጥቶ እርጥብ ጎዝ ይደረግና ነርስ ይጠራል። ጩኸቱን ውሻው አስቀድሞ ይልመደው፣ ስልክ ላይ ቀድተህ በዝቅተኛ ድምፅ ከምግብ ጋር አሰማው።

ሽሮ_ፈሰስ

ስለ ምግብ ማንም አላነሳም። ወጥ አታቅምሱት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የክትፎ ትርፍራፊም አይሰጠው። ጥሬ ሥጋ ላይ ያለው ሳልሞኔላ ውሻውን ባያሳምመው እንኳ በአፉና በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ቁስል ላለበት ሰው ቤት አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ንገሯቸው፤ አክስቶች በጠረጴዛ ሥር ማጉረስ ይወዳሉ።