ቡልቡልና የዓባይ ምንጭ አይጥ

ጠያቂው፦
ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ቡልቡል የሚባለው ወፍ ነው። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ቡናማ፣ ሲቆጣ የአናቱን ላባ የሚያቆም። ትናንት የሾላ ፍሬ ሙሉውን ዋጠ፤ አፉን ሳይጠርግ አንዲት ምስጥ ከአየር ላይ ቀለበ። በዚያው ሰሞን ኒሎፔጋሚስ ስለሚባል የኢትዮጵያ የውሃ አይጥ አነበብኩ፤ መኖሩን የሚመሰክር አንድ በድን ብቻ ነው። ሁለቱም ትንንሽ ፍጥረቶች ናቸው። አንዱ አፍሪካን ሲሞላ ሌላው እንዴት እንዲህ ራቀን? ክንፍ ነው ልዩነቱ?

አንድ ወፍ ወዳድ፦
ክንፉን ተወው ወንድሜ። በቦረና፣ በያቤሎ ዙሪያ ብቻ ተወስኖ የቀረው ቁራም ክንፍ አለው። ነገሩ ሆድ ነው። ቡልቡል ፍሬ ሲያጣ ትል ይለቅማል፣ የአበባ ወለላ ይጠጣል፤ ዛፉ ሲቆረጥበት አጥር ላይ ይሰፍራል። አይጡስ? የቅርብ ዘመዱ ኮሎሚስ ጥልቀት በሌለው ጅረት በረጃጅም እግሮቹ ቆሞ፣ ጢሙን ውሃው ላይ ዘርግቶ የነፍሳት እጭ ይዳስሳል። ጅረቱ በደለል ሲሞላ እጩም የለ፣ አዳኙም የለ።

ሌላ አንባቢ፦
ስለ በድኑ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1927 በጎጃም፣ ሰከላ፣ ከግልገል ዓባይ ዳር ተያዘ፤ ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ነው። በዓመቱ አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ስም አወጣለት፤ ከግሪክኛ ሲፈታ «የዓባይ ምንጭ አይጥ» ማለት ነው። ምንጩ እኛ ዘንድ፣ አይጡ ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ! የወንዙ ዳርቻ ለግጦሽና ለእርሻ ውሏል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አይጡን በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መድቦ «ምናልባትም ጠፍቷል» ይላል። ቡልቡል ግን አሳሳቢ ካልሆኑት ተራ ነው።

ጠያቂው፦
«ምናልባትም» የምትለው ቃል ያዘችኝ። ቡልቡል እኮ ጮኾ ራሱን ያስቆጥራል፤ ይህን አይጥ ግን ሌሊት ጅረት ዳር የሚያድር ሰው ካልፈለገው ማን ያየዋል? እኔ ወጥመድ ብይዝ ሳሩ ውስጥ ነበር የማጠምደው።

ወፍ ወዳዱ፦
ያኔማ የምትይዘው የሳር አይጥ ነው። የኮሎሚስ ወገን የሚገኘው ወጥመዱ ራሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ቦት ጫማ አትርሳ፤ በዚያ ከፍታ የሌሊት ውሃ እግር ይቆርጣል።