ችግኞቻችንን ከበጋው እንዴት እናትርፋቸው?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ አካባቢ የምንኖር የሰፈር ልጆች ነን። ሐምሌ ላይ ከዕድርተኛው ጋር ወጥተን 200 ችግኝ ተከልን፤ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ። ያን ቀን ሰው ግልብጥ ብሎ ነው የወጣው። እናቶች ቡና አፍልተው፣ ዳቦ ተቆርሶ ዋልን።

አሁን ጥር ላይ ውሃ ለማጠጣት የምንመጣው አራት ብቻ ነን። ወይራውና ጽዱ እንደምንም ይዘዋል። ኮሶው ግን እየጠወለገ ነው፣ ሳየው ሆዴ ይባባል። ከወንዙ እንዳንቀዳ ፍሳሽ ይገባበታል። ቧንቧውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሥራቸውን በደረቅ ሣር ሸፍነናል፤ እስከ በልግ ዝናብ የሚያደርሳቸው ግን አልመሰለኝም።

የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥራቸው አጠገብ ቀብራችሁ ያጠጣችሁ አላችሁ? አንዴ ከተሞላ ስንት ቀን ያቆያል?

ሌላው የሰው ነገር ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መትከሉን ሁላችንም ለምደነዋል፤ ማሳደጉ ነው የከበደን። በዕድር ስብሰባ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንናገር ሰው ከልቡ ይሰማል፤ ጀሪካን ይዞ የሚመጣ ግን የለም። ለየቤቱ ሁለት ሁለት ችግኝ በኃላፊነት ብንሰጥስ? በሰፈራችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።