ወንድሜ ከፖንቴ (ከግንባታ መወጣጫ) ወድቆ ተረከዙ ተሰብሯል፣ የምታውቁ አማክሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ልስን ሠራተኛ ነው። ሳቢያን አካባቢ ሲሠራ ፖንቴው ላይ የረገጣት ጣውላ ከዳችውና በሁለት እግሩ ሲሚንቶ ላይ አረፈ። ሐኪሙ እንደነገረን የተረከዝ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እንዲህ ከፍ ካለ ቦታ ወድቀው በእግር ሲያርፉ ወይ በመኪና አደጋ ነው፤ የሰውነት ክብደት በሙሉ እዚያች ላይ ያርፋል። የቀኝ ተረከዙ አብጦ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ውሃም ቋጥሯል። ሲቲ ስካን ይነሳ፣ ኦፕራሲዮን ካስፈለገም እብጠቱ እስኪጎድል ይጠበቃል ተባልን።

አክስቴ ደግሞ ወጌሻ ካልጠራሁ ብላ ቤቱን አናውጣዋለች። ክፉ አስባ አይደለም። እኔ ግን ያ ቆዳ እንዳይታሽ ነው የምፈራው። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ሌላው፣ ወገቤን ያመኛል ይላል። ከከፍታ ወድቆ በተረከዙ ያረፈ ሰው የጀርባ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል፤ የተነሳው ግን የእግሩ ራጅ ብቻ ነው። የወገቡም ይነሳ ብዬ ድርቅ ልበል? ሲጋራም ያጨሳል፣ እሱ ደግሞ ቁስሉም አጥንቱም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል፤ እንዴት እንዳስተወው ግራ ገብቶኛል።

ጓደኞቹ አሁንም እዚያው ፖንቴ ላይ ናቸው። ጣውላው አልታሰረም፣ መደገፊያ የለው፣ ቀበቶ የለ። ሳይት ላይ የሠራችሁ፣ ኮንትራክተሩን በምን በኩል ብናናግረው ይሰማናል? ነገ ሌላ ልጅ ሳይወድቅ ንገሩኝ።