የሜሶኒዬ «1814» የትኛው ውጊያ ነው? ሠዓሊውስ እንዴት ተረሳ?

ቀለም ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ሥዕል ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የኤርኔስት ሜሶኒዬ «1814፣ የፈረንሳይ ዘመቻ» ነው። ናፖሊዮን ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ከፊት ይሄዳል፣ ጄኔራሎቹ ከኋላ ይከተሉታል፣ ሰማዩ አመድ መስሏል፣ መሬቱ በረዶና ጭቃ ተቀላቅሎበት በጋሪ ጎማ ተቦዳድሷል። ፎቶውን ሳይ ግድግዳ የሚሞላ ሸራ መስሎኝ ነበር። ለካስ 51.5 በ76.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም እንጨት ላይ የተሣለ!

ሁለት ጥያቄ አለኝ። እኔ ከሞስኮ ሲመለስ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ግን የሩሲያው ዘመቻ 1812 ነው። ታዲያ ይሄ የቱ ነው? ደግሞ በዘመኑ ሥዕሎቹ በውድ ከሚሸጡላቸው ሠዓሊዎች አንዱ ነበር ይባላል። ዛሬ ስለ ዘመነኞቹ ሠዓሊዎች ስለ ማኔና ሞኔ ሲወራ የሱን ስም የሚያነሳ ለምን ጠፋ?

የድሮ ካርታ፦
ከሞስኮ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል፣ በረዶው ነው የሚያሳስተው። ቦታው ራሷ ፈረንሳይ ናት። እ.ኤ.አ. በማርች 1814፣ ሰሜን ፈረንሳይ ባለችው ላን ከተማ ከተደረገው ውጊያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ናፖሊዮን የሰው አገር አይደለም የሚወረው፣ ጠላት እሱ አገር ገብቶበታል። በዚያው ወር መጨረሻ ፓሪስ እጇን ሰጠች፣ እሱም በኤፕሪል ዙፋኑን ለቀቀ።

ሥዕሉ ላይ ተኩስ የለም፣ ሬሳም የለም። ሽንፈቱን የምታየው ሰዎቹ ላይ ነው። ከናፖሊዮን የጦር አዛዦች አንዱን፣ ማሬሻል ኔይን ፈልገው፤ ካፖርቱን እጅጌ ሳያጠልቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ከኋላ ካሉት መኮንኖች አንዱ ደግሞ ኮርቻ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጥሎታል። ከፊት ያለው ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከኋላው ያሉት ማመን ያቆሙ ይመስላሉ።

ሜሶኒዬ ይህን በ1864 ሲጨርስ ከድርጊቱ 50 ዓመት አልፎ ነበር። እቅዱ የናፖሊዮንን ሕይወት ከ1796 እስከ 1815 በአምስት ሥዕል መሣል ነበር። ተሟልተው ያለቁት ግን የ1807ቱና የ1814ቱ ብቻ ናቸው።

እርሳስና ወረቀት፦
እኔ ስለ አሠራሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ ሰው ያበደ ትጋት ነበረው። የናፖሊዮንን እውነተኛ ግራጫ ካፖርት ተውሶ፣ ልክ እሱኑ የሚመስል አሰፋ። ከዚያ ራሱ ለበሰው። ብርድ ላይ፣ ኮርቻ ላይ ወጥቶ፣ ከፊቱ መስታወት አስቁሞ የራሱን ነጸብራቅ እያየ ነው ንድፉን የሠራው። «1814» ላይ የምታየው የካፖርት እጥፋት ከዚያ የመጣ ነው።

ፈረስ ላይማ ሌላ ነው። ፈረስ ሲጋልብ እግሩ እንዴት እንደሚነሳ በዓይን ለመያዝ ግቢው ውስጥ ሐዲድ አስዘረጋ። እሱ ሐዲዱ ላይ በሚሮጥ ጋሪ ተቀምጦ፣ ፈረሱ ከጎኑ እየጋለበ፣ ንድፍ ይነድፋል። በኋላ ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ የፈረስን ሩጫ በተከታታይ ፎቶ ሲያነሳ ሜሶኒዬ በ1881 ፓሪስ ቤቱ ጋብዞት ፎቶዎቹን ለሠዓሊ ጓደኞቹ አሳይቶለታል። ያን ያህል ዓመት በዓይኑ ሲያሳድደው የኖረውን ነገር ካሜራ ቀድሞ ሲይዘው ማየት እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

የናፖሊዮንን የ1807 ድል የሚያሳየውን «ፍሪድላንድ»ን ለመጨረስ ወደ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። እሱ ትልቅ ነው፣ ስፋቱ 2.4 ሜትር ያልፋል። ጥሩር (የብረት ደረት መከላከያ) የለበሱ ፈረሰኞች የስንዴ ማሳ እየረገጡ ለናፖሊዮን ሰላምታ እየሰጡ ያልፋሉ። አሁን ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው።

ነጭ ግድግዳ፦
ትጋቱን አልክድም፣ ግን የተረሳውም በዚሁ ይመስለኛል። «ፍሪድላንድ»ን ረጋ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ቁልፍ፣ እያንዳንዱ የፈረስ ጅማት አለ፣ ሩጫው ግን የለም። ሁሉም ባለበት ደርቋል። ማኔ ተናገረው የሚባል ነገር አለ፤ ከጥሩሩ በስተቀር ሁሉም ነገር ብረት ነው አለ ይላሉ። ከባድ ነው፣ ግን ትክክል ነው።

ሁለተኛው ነገር ሥልጣኑ ነው። በ1861 የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1872 የሳሎን፣ ማለትም የፓሪሱ ትልቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ ዳኛ ሆኖ የሠዓሊው ኩርቤ ሥራዎች እንዳይገቡ የከረረው እሱ ነው፣ ምክንያቱ ፖለቲካ ነበር፤ ኩርቤ በኮሚዩኑ (በ1871ዱ የፓሪስ አመፅ) ጊዜ ከቫንዶም ዓምድ (ናፖሊዮን ካቆመው የድል ዓምድ) መፍረስ ጋር ተያይዞ ተከሶ ነበር። በ1889 የፈረንሳይን ትልቅ ሽልማት፣ የክብር ሌጂዮንን ከፍተኛ መስቀል የተቀበለ የመጀመሪያው ሠዓሊ ሆነ። በ1890 «1814» በ850,000 ፍራንክ ተሸጠ። በ1891 መጀመሪያ ላይ ሞተ፣ ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ሉቭር አትክልት ስፍራ የቆመለት ሐውልት እንኳ በኋላ ተነስቶ፣ ወደኖረበት ፕዋሲ ተወሰደ። ይሄ ሁሉ ሆኖ «1814»ን እወደዋለሁ። ሰዎቹ ስለደከሙ መድረቁ እዚያ ያምራል።

ቀለም ወዳጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ኔይን አገኘሁት! ከ«1814» ቀጥሎ አንድ ሥራ ልይ ብል የቱን ትሉኛላችሁ?

የድሮ ካርታ፦
«ባሪኬድ»ን። ሉቭር ነው ያለው፣ 29 በ22 ሴንቲ ሜትር፤ ከደብተር ብዙ አይበልጥም። በጁን 1848 ፓሪስ ውስጥ ሠራተኞች ሲያምፁ ሜሶኒዬ የብሔራዊ ዘብ የመድፍ ሻምበል ነበር፣ ማለትም አመፁን ከደመሰሰው ወገን። ከተኩሱ በኋላ ያየውን ነው የሣለው። ጠባብ መንገድ፣ የተነቀለ የመንገድ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ የተረፈረፉ ሬሳዎች። መጀመሪያ ድንጋዩንና ሰውን መለየት ያቅትሃል። ከዚያ ልብሳቸው ላይ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ቀለም እዚህም እዚያም ብቅ ይልልሃል። በትልቅ ጥራት ያለ ፎቶ ፈልገህ ታች በኩል ጀምር፣ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ውጣ።