አስቸኳይ፦ የቡድናችን የጋራ ኮድ ጠፍቷል፤ የነገው የፕሮግራሚንግ ውይይት እንዴት ይጀመር?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎዋ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት። አሁን ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ከሩብ ነው። ነገ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ በምንሰበሰብበት ክፍል የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ውይይት ለመክፈት ቀጠሮ ይዘናል። ቡድናችን እስከ ዛሬ ለሰው ሊኑክስ (ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት) ሲጭን ቆየ እንጂ አብሮ ኮድ ጽፎ አያውቅም። ለመነሻ እንዲሆነን ስድስት ሆነን የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚለውጥ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ለሦስት ሳምንት ስንጽፍ ሰንብተናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ አዲስ አባል ሥራውን ወደ ጋራው ማከማቻ ሊልክ ሲሞክር አልቀበል ስላለው በፎርስ ፑሽ (በዚያ ያለውን በራሱ ሥራ በግድ በሚተካ ትእዛዝ) ላከው። አሁን የሚታየው የእሱ አራት ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ብቻ ነው፤ የአምስታችን ሥራ የለም። እባካችሁ፣ የሚመለስበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

አንጋፋው

እህቴ፣ መጀመሪያ «ጠፋ» የሚለውን ቃል እናቆየው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን (እናንተም የምትጠቀሙበትን፣ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚያቆየውን ፕሮግራም) ሲሠራ፣ በየአገሩ የተበተኑ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ጸሐፊዎች አንድ ማእከል ሳይጠብቁ እንዲሠሩ አስቦ ነበርና፣ ማከማቻውን ወደ ኮምፒውተሩ የቀዳ ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ፋይል ብቻ ሳይሆን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያለውን ታሪክ በሙሉ ይዞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሊኑክስን ያሳደገው በብዙ እጅ መያዙ ነው። ቡድናችን ኮድ ከመጻፉ በፊት ይህን ተወያይቶበት ቢሆን ኖሮ አዲሱ አባል ለምን አልቀበል እንዳለው ያውቅ ነበር፤ ጊት አልቀበልም ያለው እኮ የሌሎቹን ሥራ ሊጠብቅ ነው።

ካዛንቺስ

ትምህርቱ ለነገ ይቆየንና አሁን የሚደረገውን ልንገርዎ። አምስታችሁም ብትሆኑ እስከዚያው «ፑል» እንዳታደርጉ (ከጋራው ማከማቻ ወደ ኮምፒውተራችሁ እንዳታወርዱ)። እያንዳንዳችሁ የፕሮጀክቱን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ቅዱ። ከዚያ «ጊት ሎግ» ብላችሁ የኮሚቶቹን ዝርዝር እዩና የመጨረሻው ኮሚት የመቼ እንደሆነ ተነጋገሩ። የቅርቡን የያዘው ሰው «ማዳኛ» የሚል አዲስ ብራንች (ከዋናው ተነጥሎ የሚሄድ የኮድ ቅርንጫፍ) ከፍቶ እሱን ብቻ ይላክ፤ ዋናውን ብራንች ዛሬ ማታ ማንም አይንካው። አዲስ ብራንች ስለሆነ የልጁንም አራት ኮሚት አይነካም፤ ሁለቱን ነገ በቀን ታዋህዳላችሁ።

ስድስት ኪሎ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከመነሻው አልስማማም። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አይሲዩ የተባለው ክፍት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ከያዘው ቆይቷል፤ ዛሬ በብሮውዘር ውስጥ በጃቫስክሪፕት በአንድ መስመር ይገኛል። የተሠራን ነገር እንደገና ከመሥራት ይልቅ አንድ ነባር ክፍት ፕሮግራም መርጠን አማርኛውን ብናስተካክል ቡድኑ ከዓለም ጋር ይገናኝ ነበር።

የአራት ኪሎዋ

ወንድሜ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ለሁለተኛው ፕሮጀክት ራሴ አቀርበዋለሁ። ይህን የመረጥነው ግን አዲስ ነገር ስለሆነ አይደለም። ከአባሎቻችን ግማሹ ኮድ ጽፈው አያውቁም፤ ጳጉሜን ግን ሁሉም ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ቤት ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙ ለምን አንድ ቀን እንደሚስት ስፈልግ፣ እናቴ ዓመተ ምሕረቱን ጠይቃኝ «ያኔማ ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን ስድስት ናት» አለችኝ። ስሕተቱም እዚያው ነበር፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ የ2016 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው፣ እኛ ግን 11 ብለን ጽፈናል። ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው እንዲህ የሚረዳን ሌላ ፕሮጀክት አላገኘሁም።

ከአምስታችን ሦስቱን በስልክ አግኝቻለሁ። ሁለቱ ፑል አድርገዋል።

ፒያሳ

ጊት ሪፍሎግ በሉ። ሁሉም እዚያ አለ።

ካዛንቺስ

ፑል ያደረጉት አይደንግጡ። ፒያሳ እንዳለው «ጊት ሪፍሎግ» ብራንቹ ቀድሞ የት እንደነበረ ያሳያል፤ ከብራንቹ የወጡ ኮሚቶችንም ጊት ቢያንስ ለ30 ቀን መዝግቦ እንዲያቆይ ሆኖ ነው የተዘጋጀው። የአዲሱን አባል ተርሚናልም (ትእዛዙን የጻፈበትን መስኮት) እንዳትዘጉት። ፎርስ ፑሽ ሲሳካ በመደመር ምልክት የሚጀምር አንድ መስመር ይጽፋል፤ በዚያ መስመር ላይ በሦስት ነጥብ የተለያዩ ሁለት የፊደልና የቁጥር ድርድሮች አሉ። በስተግራ ያለው ከመጥፋቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ኮሚት ነው። እሱን ካገኛችሁ የት ላፕቶፕ ላይ እንዳለ መፈለግ ይቀላል።

የአራት ኪሎዋ

እሱ ስልኩን አያነሳም። «ከቡድኑ ወጥቻለሁ፣ ይቅርታ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር።

ልደቴ ጳጉሜን 6

እንግዲያስ ከኮዱ በፊት እሱን መልሱት። በዋናው ብራንች ላይ ፎርስ ፑሽ እንዳይቻል መዝጋት ቅንብሩን ለሚያውቁ የደቂቃዎች ሥራ ነበር፤ ሳይዘጋ የቆየው በሁላችንም ቸልታ ነው እንጂ በልጁ ጥፋት አይደለም። ይህንን በግልጽ ጻፉለት። (በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ኬክ ለሚቆረስለት ሰው ስትሉ ፕሮግራሙንም ጨርሱት።)

አንጋፋው

በዚህ እስማማለሁ። ለነገው ውይይት ደግሞ ኮዱ ባይገኝም ባዶ እጃችሁን አትቀርቡም። ማንም ላፕቶፕ ሳይከፍት መጀመሪያ ፕሮግራሙ ምን እንዲመልስ እንደምንፈልግ በሰሌዳ ላይ እንጻፍ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ይውሰድ። ሦስቱን እኔ ላዋጣ። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6ን በ2015 ይቀበል፣ በ2016 ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይበል። ሦስተኛው የዓድዋ ቀን ነው፤ የካቲት 23 ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ሲሆን በ1888 የዋለው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ምክንያቱም ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት፣ እኛ ግን ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። ቋሚ ልዩነት የሚደምር ኮድ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የማይወድቀው መንገድ ቀኑን መጀመሪያ ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር መለወጥ ነው፦ ከዓመቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ትተው ይደምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ቀኑንና 1724220ን ይጨምሩ። ለመስከረም 1 ቀን 2000 ውጤቱ 2454356 ከመጣ ልክ ነው፤ ይህም የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበት የጁልየን ቀን ቁጥር ስለሆነ ከዚያ ወደ ፈረንጅ ቀን ለመሻገር የታወቀ ስሌት አለው።

ስድስት ኪሎ

የዓድዋው ፈተና አሳምኖኛል። እመጣለሁ።

ፒያሳ

ሪፍሎጉን አያችሁት?

ካዛንቺስ

እህቴ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ ፑል ካደረጉት ከሁለቱ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ኮዱ ተገኘ ወይ? የነገው ክፍል ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ማከማቻውን በፍላሽ ላይ አድርገን ከዚያው መላክና መቀበል እንችላለን። ባዶ ፍላሽ ይዤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እጠብቃለሁ። ለአዲሱ አባል ስልኩን ከሰጡኝ ጠዋት እኔም እደውልለታለሁ።